ቅጹ እስከ ሐሙስ

ቅጹ ከመቀሴ ስር ተኝቷል፣ እስከ ሐሙስ።
ሻርጃ ላይ ሐሙስ የሳምንቱ ማብቂያ ነው፤
ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ የሚጠብቅ የለም
አንዲት እናት አስባ እስክትጨርስ።

ሁለት ሳጥን አለው።
አንዱ «ኮምፒውተር ሳይንስ»፣ አንዱ «የሂሳብ አያያዝ»።
አንዱ ላይ ምልክት፣ ከታች የወላጅ ፊርማ፤
ፊርማው የኔ ነው፣ ዕድሜው የሙአዝ።

አሥራ አምስት ሞላው። ጫማው ከአባቱ በልጧል፣
ድምፁ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይሰነጠቃል፤
ቁርሱን ቆሞ ይበላል፣ ካልሲውን ቆሞ ያጠልቃል፣
እንዲህ ያለው እግር ከወንበር ጋር እንዴት ይስማማል?

ጎረቤቴ ከድጃ «ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች፣
«ዘመኑ የኮምፒውተር ነው፣ ገንዘቡም እዚያው ነው።»
የሷ ልጅ ሦስት ወር ሞክሮ ሲተወው
ለማንም አልነገረች።

ባሌ ይመር ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ
ቅጹን አነሳ፣ አነበበ፣ መልሶ አስቀመጠ፤
«እኔ የማውቀው መሪና ፍሬን ነው፣ አንቺ ጨርሺው» ብሎ
ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሰመጠ።

እኔ የማውቀው ኮምፒውተር አንድ ነው።
ባለፈው ረመዳን፣ ሮላ፣ ከሱቃችን ኋላ
በሳጥን መጣ፤ አሥራ ሁለት መርፌ፣ የሚያበራ ሰሌዳ፣
ዓይኑ አይደክም፣ ሻይ አይል፣ አይበላ።
የላክናው ሰው ራፊቅ፣ ሠላሳ ዓመት በእጁ ጥልፍ የሠራ፣
ቅጠሉ ሁሌ ወደ ግራ የሚያዘነብልበት፣
ቆሞ አየው ሲጠልፍ። አንድ ቃል አላወራ።
በሁለተኛው ወር ትኬት ቆረጡለት፤
መርፌዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ እኔም ስንቅ ቋጠርኩለት።

ታዲያ የዚያን ብረት ቋንቋ ልጄ እንዲማር ልፈርም?
የራፊቅን እንጀራ ለበላ፣ አፍ እንዲሆነው? አልደፍርም።

ማክሰኞ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ
ሙአዝ ኤሲው ስር በቁምጣ ተቀምጦ፣
ከትምህርት ቤት የተዋሰው ላፕቶፕ ጉልበቱ ላይ፣
ከንፈሩን ነክሶ፣ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ።

«ምንድን ነው?» አልኩት።
«አንድ ነጥብ ጠፍታለች፣ እማ። አርባ አንድ ጊዜ እምቢ አለኝ።»
«ተወዋ ታዲያ፣ ነገ ትምህርት አለህ።»
«ደርሻለሁ፤ ከላይ ጀምሬ እየተረተርኩ ነው፣ ተይኝ።»

እየተረተርኩ!
ቃሉን ከኔ ነው የወሰደው።
የዒድ ዋዜማ የደንበኛ ዐባያ ጫፉ ተጣሞብኝ
ሰባት ሜትር ስፌት ስተረትር፣ መብራት ይዞ ያየው
እሱ ነው፤ በዘጠኝ ዓመቱ፣ እንቅልፍ እያንገላታው።
ምላጩ ጣቴን ሲበላኝ አላለቀስኩም፣
አልተሳደብኩም፤ ጨርቅ አይሰማ፣ ስድብ ምን ይረባል?
ያጣመምኩት እኔ ነኝ፣ ከተጣመመበት መጀመር ይሻላል።
ይህንን ነግሬው ይሆናል፤ አላስታውስም።

ሰው የሚጠይቀኝ «ሂሳብ ይችላል ወይ?» ብሎ ነው።
መካከለኛ ነው፤ ካርዱን አይቻለሁ፣ ስድሳ ስምንት።
ግን አርባ አንድ ጊዜ «አይሆንም» ተብሎ
አርባ ሁለተኛውን የሚጠይቅ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ሙቀት!

ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ሲቀር ነጥቧ ተገኘች።
ስክሪኑ ላይ ቅጠል ተሳለ፣ በአረንጓዴ መስመር፣
ጫፉ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ነገር።
«ተጣሟል» ብሎ እጁን ሰደደ ሊያስተካክለው፤
«ተወው» አልኩት።
«ለምን?» አለ። ስለ ራፊቅ ከየት ጀምሬ ላስረዳው?

ነገ ሐሙስ ነው። ገና አልፈረምኩም።
ዛሬ ማታ ሩዝ እየበላን ጠየቅኩት፣
«ይሄ ትምህርት ልክህ ይሆናል?»
አሰበ። ሙአዝ አስቦ ሲመልስ አይቼ አላውቅም።
«እንጃ» አለ፣ «ግን ስሳሳት ይነግረኛል፤
ሰው ሲቀየመኝ እኮ አይነግረኝም።»

ይመር ሳቀ፣ ሩዙ ትን እስኪለው።
እኔ ቅጹን ከመቀሱ ስር አውጥቼ
አንዱ ሳጥን ላይ ምልክት አደረግኩ፣
ልብስ ስለካ በማሰምርበት ጠመኔ፣
ለብሶት ካልሆነው በመዳፍ ጠረግ ሲያደርጉት የሚለቀው።
እስክሪብቶው እሱ ቦርሳ ውስጥ ነው።